ጥቁር አፈር፣ የጎረቤት አጥርና እምቢ ያለ ሣር

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሬት ናቸው። ስለ ሊዝና ስለ ካርታ አይደለም፤ ስለ አፈሩ ስለ ራሱ። ደስ ብሎኛል። ለሴራሚክ ቀለም ሦስት ቀን የምንከራከር ሰዎች፣ ቁፋሮ ላይ ስንደርስ «ኤክስካቫተሩ ይምጣና ይጨርሰው» ብለን እናልፋለን። ጥያቄዎቹን ከነመልሴ እነሆ።

ቃሊቲ አካባቢ ቤት ልጀምር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ፎርማኑ «ግማሽ ሜትር አንስተን ቀይ አሸዋ እንሞላበታለን» ይላል። ይበቃል?

ጥቁሩ አፈር የት ላይ እንደሚያልቅ ሳይታይ ማንም «ይበቃል» ሊልዎ አይችልም። አንዳንድ ቦታ 1 ሜትር ሳይሞላ ያልቃል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከ3 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ለቀን ሠራተኛ የሚከፍሉት ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው።

ይህ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር የሚያስቸግረው ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ስለሚኮማተር ነው። በክረምት ወለሉን ሽቅብ ይገፋዋል፤ በበጋ ከሥሩ ይሸሸዋል። የካቲት ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግዎትም። የሰፈሩን አጥሮችም ዞር ዞር ብለው ይዩ። ያዘመሙና በሰያፍ የተሰነጠቁ ከበዙ ነገሩ ግልጽ ነው።

መሠረቱ ጥቁሩን አልፎ ጠንካራው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ምን ያህል ይውረድ የሚለውን መሐንዲስ ይወስን። ከወለሉ ሥር ደግሞ ጥቁሩ ይነሳና በማያብጥ አፈር፣ ለምሳሌ በደህና ገረጋንቲ (ለሙሌት በሚውል ጠጠራማ አፈር)፣ ይተካ። ቀይ አሸዋውን ብቻውን የማልወደው ለዚህ ነው፦ ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ዙሪያው ያለው መረሬ ግን አያሳልፍም። ያኔ የቆፈሩት ጉድጓድ ከቤትዎ ሥር የተቀበረ ገንዳ ሆነ ማለት ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይጣል። በቤቱ ዙሪያም 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ያሠሩ። ባሕር ዛፍም ቤቱ አጠገብ አይትከሉ፤ መሬቱን እየመጠጠ ያደርቀዋል።

የምሠራው ዱባይ ነው፤ ግንባታውን ታናሽ ወንድሜ ይከታተልልኛል። ቁፋሮው 10 በ12 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ 5 ጊዜ ተመላለሰ ብሎኛል። እኔ ሳካፍለው ግን 4 እንኳ አይሞላም። እየበላኝ ነው?

ኧረ የለም! ሂሳብዎ ልክ ነው፤ ወንድምዎም ልክ ነው። የተቆፈረው 60 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ግን ከተቀመጠበት ሲነሳ ይላላል፣ ይነፋፋል። በሩብ ያህል ቢጨምር 75 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለ16 ሲካፈል 5 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መረሬ ከሆነ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

ሙሌት ሲገዙም ያው ነው። 60 ሜትር ኩብ ተጠቅጥቆ እንዲሞላ 60 ካዘዙ ይጎድላል። ለወደፊቱ ክፍያውን በጉድጓዱ ልኬት ይዋዋሉ፤ ምልልስ ከመቁጠር ይገላግልዎታል። ለወንድምዎም ዛሬ ይደውሉለት።

የመጠቅጠቂያ ማሽን ኪራይ ተወደደ። ሙሌቱን በደንብ ውሃ ብናጠጣው በራሱ አይቀመጥም?

እኔም እንደዚሁ አስቤ ነበር። የገዛ ቤቴን ወለል 80 ሳንቲ ሜትር በአንድ ጊዜ አስሞልቼ፣ ሁለት ቀን ውሃ አስለቀቅኩበት። በሁለተኛው ዓመት የሳሎኑ ጥግ ሰመጠ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቡፌውን ከሥሩ ጣውላ አድርጋ ነው የምታቆመው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ታሪኩ ይነሳል።

ሙሌት በስስ በስሱ ነው የሚጠቀጠቀው፤ ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር ይደፋል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ሌላው ይደገማል። እርጥበቱ ልክ ካልሆነ ግን ማሽንም አያድንም። አፈሩን ጨብጠው ይሞክሩ። እጅዎን ሲከፍቱ ከፈረሰ ደርቋል፤ መዳፍዎን ካጨቀየው በዝቷል፤ ቅርጹን ይዞ ሲሰብሩት ለሁለት ከተከፈለ ልክ ነው። ራልፍ ፕሮክተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህንን የእርጥበት ጉዳይ በ1933 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ መለኪያ አደረገው። እስካሁንም «ፕሮክተር» እየተባለ ይሠራበታል።

ጎረቤቴ ምድር ቤት ሊሠራ ከአጥሬ ሥር መቆፈር ጀምሯል። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ አጥርዎንና ግድግዳዎን ፎቶ ያንሱ፤ ስንጥቅ ካለም ቀኑን ይጻፉበት። ከዚያ በሽማግሌም ቢሆን ጎረቤትዎን ያነጋግሩ። ቁፋሮው በአንዴ ሳይሆን ቁርጥ ቁርጥ እየተደረገ ይሂድ፤ የተከፈተው ተደግፎ ወይም ተገንብቶ ሳያልቅ ቀጣዩ አይከፈት። የወጣው አፈርም አፋፉ ላይ አይከመር፤ 1 ሜትር ኩቡ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለመሬት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። አልሰማም ካለ የግንባታ ፈቃድ የሰጠው ክፍል ጋ ማመልከት ነው።

አጥሩ ይቅርና፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የቀን ሠራተኞች አሉ። ከአንድ ሜትር ተኩል ያለፈ ቀጥ ያለ ቁፋሮ ውስጥ ያለ ድጋፍ ሰው መግባት የለበትም። ይህንን ሳይፈሩ ይንገሩት።

ሰኔ ላይ ቁፋሮ ልጀምር?

አይጀምሩ። ጥቅምት ይሻላል። አንዴ ከጀመሩ ግን የጉድጓዱ ወለል እንደታየ በስስ ኮንክሪት ይሸፍኑት፤ አለበለዚያ ጭቃ ለማስወጣት ድጋሚ ይከፍላሉ።

ቤቱ አልቋል፤ ግቢው ላይ ግን ሣር እምቢ አለኝ።

ከላይ የነበረው ለም አፈር መጀመሪያ ቀን ተጭኖ ሄዷል ብዬ እገምታለሁ። አሁን ያለው በመኪና የተደቀደቀ ድንጋያማ አፈርና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሹን ይልቀሙና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ያለስልሱት። ከላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ከኮምፖስት ጋር ያልብሱት። ሰፈርዎ ውስጥ ቤት የሚጀምር ሰው ካለ ቀድመው ያናግሩት። ይኸኔ ያንን አፈር ለማስጣል ለገልባጭ ሊከፍል ነው፤ እርስዎ ደጅ ቢደፋው አይጠላም። ሥራሥር የሚታይበትን የላይኛውን ብቻ ይቀበሉ እንጂ።