የጦር ራዲዮ ካርድ ለምን አልመጣልኝም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አጭር ሞገድ ማዳመጥ እወዳለሁ፣ ከተለያዩ አገር ጣቢያዎችም የማረጋገጫ ካርድ (ጣቢያውን በትክክል መስማቴን የሚመሰክር) ሰብስቤያለሁ። ማታ ማታ በ4319 ኪሎ ኸርዝ ከዲዬጎ ጋርሺያ የሚመጣውን የአሜሪካ ጦር ራዲዮ፣ ኤኤፍኤንን፣ እሰማለሁ። የሰማሁትን የሚገልጽ ሪፖርት ብልክም እስካሁን ወፍ የለም። ምን ጎድሎኝ ነው? ለጦር ጣቢያ መጻፍስ ጣጣ አያመጣም? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ! ዲዬጎ ጋርሺያ ህንድ ውቅያኖስ መሃል ያለች ደሴት ናት፣ ካንተ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስርጭቱም የታሰበው ባህር ላይ ላሉ መርከበኞች ነው እንጂ ለእኔና ላንተ አይደለም። በዚያ ላይ በአፐር ሳይድባንድ፣ ማለትም የሞገዱን የላይኛውን ጎን ብቻ በሚልክ ዘዴ፣ ስለሚተላለፍ፣ ያንን የማይቀበል ተራ ራዲዮ ላይ አፍንጫውን ይዞ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ነው የሚሰማው። አጥርተህ ከሰማህ ራዲዮህ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ካርዱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በል። የጦር ጣቢያ እንደ ዓለም አቀፍ ብሮድካስተር የአድማጮች ደብዳቤ ክፍል ይኖረዋል ብለህ አትጠብቅ። የሚመልስልህ ብዙ ጊዜ ማሰራጫው ላይ ተረኛ የሆነ ሰው ነው፣ ያውም በፈቃዱ። ስለዚህ ያንን ሰው አታድክመው።

እንዴት? ካርዱን ራስህ አዘጋጅተህ ላክለት። ይሄ የጦርና የመርከብ ጣቢያ የሚያሳድዱ አድማጮች የቆየ ዘዴ ነው። ወፈር ባለ ወረቀት ላይ የጣቢያውን ስም፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያንተን ስም አትምበት። ለፊርማና ለማኅተም ባዶ ቦታ ተው፤ ከፈለገ የማሰራጫውን ኃይልና የአንቴናውን ዓይነት የሚሞላበት መስመርም ጨምርበት። አድራሻህ የተጻፈበት ፖስታ አብረህ አድርግ። ሰውየው ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ይልከዋል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። መፃፍ ያለብህ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰዓት ላይ 3 ደምር፣ ከማታውና ከሌሊቱ ላይ ደግሞ 15 ደምር፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንስለት። ከምሽቱ 3 ሰዓት የሰማኸው 18:00 ይሆናል። ቀኑንም አትርሳ፦ ለጥቅምት 10 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሰማኸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ሳይሆን ኦክቶበር 19፣ 23:00 ነው (መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ በሚውልበት ዓመት ማለቴ ነው)። ሰዓቱ ከተዛባ የጣቢያው ሰው መዝገቡን ሲያይ አንተ የጻፍከውን አያገኘውም።

ይዘቱም አለ። ኤኤፍኤን ብዙውን ጊዜ የሚያስተላልፈው የአሜሪካን ጣቢያዎች ዜና፣ ስፖርትና ወሬ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ኢንተርኔት ላይ ሊሰማው ይችላል። ማስረጃ የሚሆንህ ንግድ ማስታወቂያ በሚገባበት ቦታ ላይ የሚገቡት ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጁ ማሳሰቢያዎች ናቸው። የትኛው ማሳሰቢያ በስንት ደቂቃ ላይ እንደመጣ ጻፍ። «ሙዚቃና ንግግር ሰማሁ» ብሎ መላክ ዋጋ የለውም።

ጣጣ ያመጣል ወይ ላልከው፣ ለአድማጭ ብሎ የሚያሰራጭ ጣቢያ ላይ ምንም ችግር አይታየኝም። የእንግሊዝ አየር ኃይል በ5450 እና በ11253 ኪሎ ኸርዝ የአየር ማረፊያዎችን የአየር ጠባይ ሲያነብ መስማትም እንደዚያው ነው፣ ለጀማሪም ጥሩ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላው ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በ8992 እና በ11175 በፊደልና በቁጥር የሚያነባቸው መልእክቶች ላንተ የተላኩ አይደሉም፤ የሰማኸውን እንዲህ ያለ መልእክት ይዘት ለሌላ ማውጣት በብዙ አገር ሕግ ያስጠይቃል። እዚያ ላይ ሪፖርት ብትጽፍ ሰዓቱን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ የመጥሪያ ስሙንና የድምፁን ጥራት ብቻ ጥቀስ፣ ፊደሎቹን አትገልብጥ። የራሳችንን አገር የጦር ግንኙነት ደግሞ ጭራሽ አትንካ፣ ይሄን እንደ ታላቅ ወንድም ነው የምልህ።

በነገራችን ላይ የአማተር ራዲዮ (ለትርፍ ጊዜ በራሱ ማሰራጫ ከሌሎች ጋር የመነጋገር) ፈቃድ ያለው ጓደኛ ካለህ፣ በየዓመቱ ሜይ ላይ የአሜሪካ ጦር ጣቢያዎች ከአማተሮች ጋር የሚገናኙበት ቀን አለ። እነሱ በጦር ፍሪኩዌንሲ ይናገራሉ፣ አማተሩ ለእሱ በተፈቀደው የፍሪኩዌንሲ ክልል ይመልሳል፤ ለተገናኘ ካርድ ይሰጣሉ። የድሮ ካርድ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ አሥመራ ከነበረው የቃኘው ጣቢያ የአማተር ክለብ (መጥሪያው ኢቲ3ዩኤስኤ) የተላከ እንዳለው ጠይቀው፤ የኢትዮጵያ መጥሪያ ያለበት የአሜሪካ ጦር ሰፈር ካርድ ነውና እኔ ብሆን በቀላሉ አልለቀውም።

ላንተ ግን ከዲዬጎ ጋርሺያ ጀምር። ካርዱን አትምና ከአዲስ ሪፖርት ጋር ላከው፤ ስድስት ወር ጠብቀህ ካልመጣ የዚያን ሰሞን የሰማኸውን ጨምረህ በትሕትና ድገመው።