የወረሱትን ቮልስ በግቢ ማደስ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጋሽ ቴስታታ፦ እንግዲህ ጠይቁ። ስትጠይቁ ሞዴሉን፣ የሞተሩን ሲሲና ስንት ዓመት እንደቆመ ጻፉ፤ ያለዚያ መልሴ ግምት ይሆናል። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የቤንዚኑ ጎማ (ቱቦው) ሳይቀየር ቁልፍ አታዙሩ።

የቆጪው ልጅ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ከአባቴ የወረስኩት 1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ 1300፣ 12 ቮልት ነው። 9 ዓመት ቆሟል። አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ፣ ላስነሳው?

ጋሽ ቴስታታ፦ አታስነሳው። ይህን ያህል የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቋል፤ በሞተሪኖ (በማስነሻው) በግድ ካዞርከው ፋሻ ኤላስቲኩ (የፒስቶኑ ቀለበት) ይሰበራል ወይም ሲሊንደሩን ይፍቃል። አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪ) ፍታ፣ በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና አሳድረው። በማግስቱ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙር። ቺንጋው (ቀበቶው) ከተንሸራተተ ከታች ያለው የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቡሎን 30 ቁልፍ ነው። እምቢ ካለህ አትታገለው፤ ዘይት ጨምረህ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቅ።

ሲዞርልህ የድሮውን ዘይት አፍስስ። ይህ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ከሥሩ ያለው ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊቱን አውጥተህ በቤንዚን እጠበው። ክዳኑን የያዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ናቸው፤ በአጭር ቁልፍ ቀስ ብለህ አጥብቅ፣ 0.7 ኪሎግራም ሜትር ይበቃቸዋል። የሞተሩ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ከዚያ በላይ ካጠበቅክ ጥርሱ ተነቅሎ ይወጣል። አዲስ ዘይት 2.5 ሊትር።

ከዚያ ፋኑን የሸፈነውን ላሜራ በባትሪ መብራት ውስጡን እይ። በቆመ ቮልስ ውስጥ አይጥ ጎጆ ትሠራለች። ሣሩና ጨርቁ የዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ይከመርና 3ኛው ሲሊንደር አየር ያጣል። በዚህ ሞዴል ማቀዝቀዣው እዚያው በ3ኛው አየር መንገድ ላይ ስለተቀመጠ 3ኛው ድሮም ከሌሎቹ ይሞቃል፤ ጎጆ ሲጨመርበት የጭስ ማውጫ ቫልቩ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ቤንዚን። ታንከሩን አውርደህ እጠብ። ጎማውን በሁሉም ቦታ ቀይር፦ ከታንከሩ ሥር፣ ከሻንሲው ጫፍ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ፣ ከፖምፓው እስከ ካርቡራተር። የጨርቅ ልብሱ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰነጣጥቋል። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የምትቀበለዋን የነሐስ ቱቦ በእጅህ ጎትት፤ ከተነቃነቀች አውጥተህ እንደገና በጥብቅ አስገባት። እሷ ከወጣች ቤንዚኑ የሚረጨው ብልጭታ ያለበት ፑንቲናው ላይ ነው። ቮልስ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ካንዴላውን ሳትመልስ በሞተሪኖ አዙረው። የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ካንዴላውን ግጠም፣ ያኔ አስነሳ።

መንቲና፦ ቮልሴ ጉልበት የለውም። ምን ላድርግ?

ጋሽ ቴስታታ፦ ሞዴል? ሲሲ? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ጽፈህ ተመለስ።

የሕርማታው፦ ጋሼ፣ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲጫኑት ይገባል። ቀጥቃጩ “ስቱኮ ሞልተን ቀለም እንቀባው” ብሏል። 1970፣ 1500።

ጋሽ ቴስታታ፦ አይሆንም! ስንቱ ቮልስ በዚህ ጠፋ። ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ሳጥን ሁለት ሥራ አለው፦ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ያሳልፋል፣ ቦዲውንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው፣ በጋ ላይም እርጥበት አይጠፋም። ውኃው በበሩ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ይገባል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ላይ ስታየው ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። ስቱኮ ውኃውን እዚያው ይዞ ያቆየዋል።

መኪናውን በክሪክ ከመሃል አንሣና በሩን ክፈትና ዝጋ። የበሩ ክፍተት ከተለወጠ ወይም በሩ አልገጥም ካለ ሳጥኑ ሸክም አይችልም ማለት ነው። ያኔ ከመቁረጥህ በፊት በሩን አውርድና በበሩ ክፍት ቦታ፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው፣ 25 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ብረት በየድ። ይህን ሳታደርግ ከቆረጥክ ቦዲው ይታጠፍና በሩ ዳግም አይገጥምም። ቦዲውን ከወለሉ ጋር የያዙትን ቡሎኖች አትፍታ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትክፈት።

ላሜራው 1.2 ሚሊሜትር ይሁን፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ያመጣልህን ሰው መልሰው። በዱላ ብየዳ ስስ ላሜራ ይበሳል፣ በጋዝ ብየዳ ይጣመማል። የሽቦ ብየዳ ያለው ሰው ፈልግ፤ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ሌላው ራቅ ብሎ፣ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቀ ይበይድ። ከሥሩ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አትድፈን። ቀለም ሳይቀባ አንቲረስት፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሰም የተቀላቀለበት ዘይት ንፋ፣ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ድገመው። ከመበየድ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የቤንዚን ታንከሩ ከመኪናው ይውጣ።

ባትሪ ካልን፣ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ ነው። አሲዱ ወለሉን ይበላል፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ደግሞ ባትሪው ራስ ላይ ከነካ እሳት ነው። ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።

የሰቶ ሰመሮው፦ ከአያቴ የወረስኩት 1963፣ 1200፣ 6 ቮልት ነው። 6 ቮልት ባትሪ ማግኘት አቃተኝ። ወደ 12 ልቀይረው?

አጂፕ ሰፈር፦ ወንድሜ፣ አትንካው! 6 ቮልት ደካማ የሚመስለው የግራውንዱ ሽቦ ስለዛገ ነው። ከባትሪ ወደ ሻንሲ፣ ከካምቢዮ ወደ ቦዲ ያለውን ጥረገው፣ እንደ አዲስ ይነሳል።

የሰቶ ሰመሮው፦ ልጠርግ፣ ግን ባትሪውን ከየት ላምጣ?

የቆጪው ልጅ፦ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ጠይቅ፣ እዚያ የማይገኝ የቮልስ ዕቃ የለም።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሞተሩንም በ1600 ቀይሮ ቢገላገልስ?

አጂፕ ሰፈር፦ ያኔ የአያቱ መኪና መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

ጋሽ ቴስታታ፦ የ1600ውን ክርክር እዚህ አቁሙት። አጂፕ ስለ ግራውንዱ ልክ ነው፣ መጀመሪያ ጥረገው። ባትሪው ካልተገኘ ግን ወደ 12 ቀይር፦ ዲናሞና ሬጉሌተሩ፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹ በሙሉ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ ቀንዱም። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ሬዚስተር ይፈልጋል። ካርቡራተሩ ላይ የኤሌክትሪክ ቾክ ካለ እሱም በ12ቱ ይቀየር። ሞተሪኖውን ተወው። የ6 ቮልት ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) 109 ጥርስ ነው፣ የ12ቱ 130፤ አዲስ ሞተሪኖ ከድሮ ቮላኖ ጋር ጥርስ ይበላል። የድሮው ሞተሪኖ በ12 ቮልት በደንብ ይዞራል፣ ከ5 ሴኮንድ በላይ ግን አትያዘው።

የጂሬኗ፦ ጋሼ፣ የ1968 1300 ነው፤ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ የፊት ግራ ጎማ ይግላል፣ ፍሬኑ አይለቅም።

ጋሽ ቴስታታ፦ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ጎማውን በክሪክ አንሽ፣ ፍሬኑን ረግጠሽ ልቀቂ። በእጅ ካልዞረ የአየር ማስወጫዋን ትንሽ ፍቺ። ዘይቱ ፈንጥቆ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ከላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬኑ ጎማ ከውስጥ አብጦ መመለሻ መዝጋቱ ነው። ሁሉንም የፍሬን ዘይት ጎማዎች (ቱቦዎች) ቀይሪ። አራቱም የሚይዙ ከሆነ ግን ከፔዳሉ የሚመጣውን ዘንግ እዪ፤ ዘንጉና የዋናው የፍሬን ሲሊንደር ፒስቶን መሃል 1 ሚሊሜትር ክፍተት ከሌለ ዘይቱ መመለሻ ያጣል። ማስወጫዋን ብትፈቺም ካልተለቀቀ የጎማው የፍሬን ሲሊንደር ዝጎ ወይም የፍሬን ሸራው ስፕሪንግ ተበጥሶ ነው።

አየር ስታስወጪ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣልና ጅማ ላይ በየዓመቱ ይቀየር። ሸራ ስታጠብቂ እስኪይዝ አጥብቂ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሺ።

የኋላ ታምቡር የምታወርዱ ሁሉ፦ ዳዶው 36 ነው፣ የሚጠብቀው በ30 ኪሎግራም ሜትር። ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ቧንቧ አስገብታችሁ ጫፉን 30 ኪሎ ያህል ተጫኑት። የኮፒሊያው (የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምሩ እንጂ አትመልሱ። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ፈጭቶ ጎማውን ያወጣዋል።

መንቲና፦ ጋሼ ልመለስ። 1300፣ 30 ፒክት ካርቡራተር፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጭሱ ጥቁር ነው፣ ካንዴላው ጥላሸት።

ጋሽ ቴስታታ፦ አሁን ጠየቅክ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋለች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተሠራው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ዋናው ጀት (ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ) ላይ 125 ተጽፎ ካየህ 120 ሞክር፣ ካንዴላው ወደ ቡና ቀለም ሲመጣ አቁም። ከዚያ በፊት ግን ቾኩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጥ፣ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር፣ የቫልቮቹን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር አድርግ። ቫልቭ ስትለካ ከ1 ጀምር፣ የኮሎውን ፑሌጂያ (ቺንጋው የሚያልፍበትን) በግማሽ ዙር ወደ ኋላ እያዞርክ 2፣ 3፣ 4።

ቦሳ፦ ካርቡራተሩ ጋ ቤንዚን ይሸተኛል፣ ችግር አለው?

ጋሽ ቴስታታ፦ ለቆጪው ልጅ የመለስኩትን አንብብ። እስክታነብ አታስነሳው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሲታደስ ስንት ያወጣል? ሊብሬው አሁንም በአባቴ ስም ነው። ቀለሙስ ምን ይሁን?

ጋሽ ቴስታታ፦ ዋጋ አልገምትም። ለሊብሬው የወራሽነት ማስረጃህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድ፤ ከመሄድህ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር መሃል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አጽድተህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቀለም የወደድከውን።

የቆጪው ልጅ፦ ሁሉም ሲያልቅ በጊቤ በኩል አዲስ አበባ ብሄድበትስ?

ጋሽ ቴስታታ፦ መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ውስጥ 300 ኪሎሜትር ያህል ንዳው፣ ዘይቱን ቀይር፣ ወንፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ካለ አትሂድ። ጊቤን ስትወርድ በ3ኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ታምቡሩ ግሎ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዳገቱን በ4ኛ አትግፋው፤ ፋኑ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር ነውና ዙሩ ሲወርድ ማቀዝቀዙም ይወርዳል። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ያዝ። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፣ እዚያው ቆመህ አጥፋ፤ ያለ ፋን አንድ ኪሎሜትርም አይሄድም። አዲሱን ስታስገባ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ፤ ከላላ በዲናሞው ፑሌጂያ መሃል ካሉት ሮንዴላዎች አንዱን አውጥተህ ወደ ውጭኛው በኩል አድርግ።