ማስተሩ በማን እጅ ይቅር? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ጀማሪ ሙዚቀኞችና ባንዶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በራሳቸው አቅም ስለሚሠሩ አዳዲስ ሙዚቀኞች የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ባንድ ካቋቋምን ሁለት ዓመት አልፎናል። ቅዳሜና እሑድ ማታ በአንድ ናይት ክለብ የሌሎችን ዘፈኖች እንጫወታለን፤ ከጊታሮቹ በስተቀር መሣሪያውም ሳውንድ ሲስተሙም የክለቡ ነው። የራሳችን የሆኑ ሥራዎችም አሉን። በቅርቡ በዩቲዩብ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ድርጅት የሁለት ነጠላ ዜማዎቻችንን የስቱዲዮና የክሊፕ ወጪ ችሎ እንደሚያወጣልን ነግሮን ነበር፤ ሆኖም በላከልን አንድ ገጽ ውል ላይ የሥራዎቹ ሙሉ መብት የድርጅቱ እንደሚሆን ተጽፏል። ብንፈርም ምን እናጣለን? ባንፈርምስ ማን ያወጣልናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሉን አሁን ባለበት ሁኔታ አትፈርሙ። በአንድ የተቀዳ ዘፈን ላይ ያለው መብት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ መብት ለብቻው፣ ሥራውን የተጫወቱትን የከዋኞቹን መብት ለብቻው፣ ቅጂውን አስቀርጾ ያዘጋጀውን የፕሮዲውሰሩን መብት ደግሞ ለብቻው ያስቀምጣል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የከዋኞቹና የፕሮዲውሰሩም መብት ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ድርጅቱ የስቱዲዮ ወጪ በመክፈሉ ሊጠይቅ የሚገባው ሦስተኛውን፣ ማለትም ማስተር በሚባለው በዋናው ቅጂ ላይ ያለውን መብት ነው፤ እሱንም ቢሆን በገደብ። ግጥሙና ዜማው ግን እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ የደከማችሁበት ስለሆነ፣ የሁለት ቀን ስቱዲዮ ኪራይ የሚገዛው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ድርጅቱን በደፈናው ከመሸሽ ይልቅ ውሉን ለማስተካከል ሞክሩ። ድርጅቱ ሁለቱን ሥራዎች ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመት፣ በራሱ ቻናል ላይ ብቻ እንዲያሠራጭ ፍቀዱለት፤ ያወጣውን ወጪ ከገቢው ላይ አስቀድሞ እንዲያነሳ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በስንት በስንት እንደሚከፈል በቁጥር ይጻፍ፤ የገቢ መግለጫውንም በየስንት ጊዜው እንደሚያሳያችሁ ይገለጽ። አንድ ተጨማሪ ነጥብ በጽሑፍ እንዲሰፍር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ይኸውም ዘፈኑ በዩቲዩብ የይዘት መለያ ሥርዓት ውስጥ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው። በድርጅቱ ስም ብቻ ከተመዘገበ፣ ነገ እናንተ የመድረክ ቅጂያችሁን በራሳችሁ ቻናል ላይ ስትጭኑ ሥርዓቱ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ሊይዝባችሁ፣ ገቢውንም ወደ ድርጅቱ ሊያዞረው ይችላል። ይህንን ብዙ ወጣቶች የሚያውቁት ከሆነባቸው በኋላ ነው።

ከድርጅቱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ግን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። በአገራችን የተለመደው አሠራር ድምፃዊው ግጥሙን ከገጣሚው፣ ዜማውን ከዜማ ደራሲው፣ ቅንብሩን ከአቀናባሪው በአንድ ጊዜ ክፍያ መግዛት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ወረቀት። ባንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለምሳሌ ኪቦርዲስቱ አንድ አጭር መግቢያ ይዞ ወደ ልምምድ ይመጣል፤ ቤዚስቱ ከሥሩ የሚሄድ መስመር ሲጨምርበት ዘፈኑ መልክ ይይዛል፤ ድምፃዊቷ ግጥሙን ስትዘፍን አዝማቹን ትለውጠዋለች። ይህ ሥራ የማን ነው? ሁላችሁም በምትዋደዱበት በዛሬው ቀን ጥያቄው የሚያሳፍር ይመስላል። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ሥራ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤቶች ስም፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ፣ ከባንዱ የሚወጣ አባል ድርሻ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምስታችሁም ፈርሙበት። አዋጁ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባን ባይጠይቅም ሥራው ወጥ የሆነና በሆነ መልኩ የተቀረጸ መሆን አለበት ስለሚል፣ ልምምዳችሁን በስልክም ቢሆን ቅረጹና ከነቀኑ አስቀምጡ።

መሣሪያው የክለቡ መሆኑን በደብዳቤያችሁ እግረ መንገዳችሁን ነው የጠቀሳችሁት፤ እኔ ግን ከውሉ እኩል የሚያሳስብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዋልያስ ባንድ አባላት በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ባንዶች የተለዩት የራሳቸውን መሣሪያ በመግዛታቸው ነበር። የሌሎቹ መሣሪያ የሆቴሉ ወይም የክለቡ ባለቤት ንብረት በመሆኑ ሙዚቀኞቹ ከአሠሪያቸው ጋር ሲጣሉ ባዶ እጃቸውን ይወጡ ነበር። ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ሂልተን ጋር በራሳቸው ቃል ተዋዋሉ፤ ለአሥር ዓመት ገደማም በዚያ ሠሩ፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንኳ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም ለማውጣት የደፈሩትም እነሱ ናቸው። ከክለቡ ከምታገኙት ላይ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጣችሁ ቢያንስ ኪቦርዱንና ሚክሰሩን የራሳችሁ አድርጉ፤ ድራሙ ሊቆይ ይችላል።

ባንፈርም ማን ያወጣልናል ላላችሁት፣ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ክሊፕ ካልተሠራ ዘፈን አይሰማም የሚለው እምነት በጀማሪዎች ላይ ከሚገባው በላይ ሸክም ጭኗል፤ በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ የወጡ ጥሩ ሥራዎች ሲደመጡ እናያለንና ያላችሁን ገንዘብ ለሚክሲንግና ለማስተሪንግ፣ ማለትም የተቀዳውን ድምፅ ለማመጣጠንና የመጨረሻ መልኩን ለማስያዝ አውሉት። እንደ ዲስትሮኪድ ያሉ አከፋፋዮች ሥራችሁን ወደ ስፖቲፋይና መሰል መድረኮች ያደርሱላችኋል። ስፖቲፋይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ሥራ ክፍያ እንደማያስብ እወቁ። ባንድካምፕ ላይ ደግሞ አድማጩ ሥራውን በቀጥታ ከእናንተ ይገዛል፤ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጩ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። ክፍያው በፔይፓል ስለሚመጣ አገር ውስጥ ሆኖ መቀበል አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ውጭ ባለ ዘመድ ሒሳብ የምትጠቀሙ ከሆነ ያንንም በወረቀት አድርጉት።

ጥያቄ፦ በሮሃና በዋልያስ ዘመን ያደግሁ ሰው ነኝ። ድሮ የምናውቃቸውን ሸክላዎች ዛሬ የምገዛው ከውጭ አሳታሚዎች ነው። የእኛን ሙዚቃ ለምን ሌሎች ያሳትሙታል? ከአዲሶቹስ ለልጆቼ ማንን ላሰማቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እነዚያ ሸክላዎች ራሳቸው የተወለዱት ከአንድ ወጣት ድፍረት መሆኑን ያስታውሱ ይሆናል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ገንዘብ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመ። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ ሲወጣ ሥራው ቢቋረጥም መብቱ በእጁ ስለነበር፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ሲያዘጋጅ የተዋዋለው ከእሱ ጋር ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረው የኃይሉ መርጊያም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ገበያ ላይ ባገኘው ካሴት ተማርኮ ሙዚቀኛውን ሲያፈላልግ፣ ኃይሉ በእናንተው አካባቢ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በፈቃዱ ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። እንግዲህ በውጭ መታተሙ ብቻውን የሚያስቆጭ አይመስለኝም፤ የሚያስቆጨው ባለቤቱ ሳይጠየቅና ሳይከፈለው የሚታተመው ነው፤ ይህ ደግሞ አገር ውስጥም ሲፈጸም ኖሯል።

ከአዲሶቹ መካከል ለልጆችዎ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቢጀምሩላቸው እመርጣለሁ። እንደገና ሙሉ፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው የመድረክ ስሙ፣ የአዝማሪን ድምፅና የማሲንቆን ዜማ ከኮምፒዩተር ምት ጋር አዋህዶ ይሠራል፤ እሱና ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራቸውን ያወጡት 1432 አር በተባለ የዋሽንግተን ትንሽ አሳታሚ በኩል ስለሆነ ለእናንተም ጎረቤት ነው። ራፕ የሚወዱ ከሆነ ካስማሰን ያሰሟቸው፤ ግጥሙ የአራዳን አነጋገር ሳያጎሳቁል ይጠቀማል። ባህላዊ መሣሪያ አሮጌ ነው ለሚል ልጅ ደግሞ ማሲንቆን፣ ክራርንና ቫዮሊንን ይዞ በከፍተኛ ድምፅ የሚጫወተው ቋንቋ የተባለው ባንድ ጥሩ መልስ አለው። ሮክ ቢፈልጉ ጃኖ ባንድ፣ ፒያኖ ቢፈልጉ ሳሙኤል ይርጋ አለ፤ እነዚህ ሁለቱ እንኳ ጀማሪ ከሚባሉበት ደረጃ አልፈዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ በአካል መስማትን በተመለከተ ግን ነገሩ እየጠበበ ነው። ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2015 በጣይቱ ሆቴል ከደረሰው ቃጠሎ ጋር ጠፋ፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት የመራው የካዛንቺሱ የባህል ማዕከል ፈንድቃም እ.ኤ.አ. በ2024 በመልሶ ማልማት ፈረሰ።

ጥያቄ፦ ክራር ተጫዋች ነኝ። የታወቀ የቆየ ዘፈን በራሴ ቅንብር ተጫውቼ ባወጣ ያስጠይቀኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያስጠይቅዎታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች እንደመሆናቸው ባለቤት የላቸውም፤ በቅኝቱ ላይ የተደረሰ አንድ የተወሰነ ዜማና ግጥም ግን ባለቤት አለው። ድምፃዊው ቢፈቅድልዎ ብቻውን አይበቃም፤ መጠየቅ ያለባቸው የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ናቸው፣ ከሞቱ 50 ዓመት ካልሞላቸው ደግሞ ወራሾቻቸው። ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሥራውን ሲያወጡም የደራሲዎቹን ስም ከራስዎ ስም አጠገብ ይጻፉ።