በኮኮናት መስመሮች መካከል ዛፍ ለመትከል ለምታስቡ ወጣቶች

በቅርቡ አንዲት ወጣት የእርሻ ባለሙያ «በኮኮናት መስመሮች መካከል ዛፍ ብንተክል ውሃውንና ምግቡን አይሻማብንም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ልሸኛት እችል ነበር። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ ገና ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከአንድ የእርሻ ባለቤት ሰምቼው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ መልሱን ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም ለመጻፍ ወሰንኩ።

እርሻው ከባሕር ብዙም ሳይርቅ ጠጠር በበዛበት ቀይ መሬት ላይ ያረፈ ነበር። የኮኮናት ዘንባባዎቹ አርጅተው ከፍ ብለው ስለነበር ብርሃን እንደ ልብ ወደ መሬት ይወርዳል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ ለዓመታት ሣሩ እየታጨደ፣ ትራክተር እየተመላለሰበት ባዶውን በመኖሩ አፈሩ ጠጥሮ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከመስረግ ይልቅ ቀይ ሆኖ ወደ ቦዩ ይሮጥ ነበር። የእርሻው ካቦ፣ ትምህርት ቤት ብዙም ያልቆዩ ነገር ግን መሬት የሚያነቡ አዛውንት፣ ባለቤቱን ለምነው በአንደኛው ክፍል ግሊሪሲዲያ አስተከሉ። ይህ ዛፍ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃልና ችግኝ ጣቢያም አላስፈለገም። የተቀረው ክፍል ለማነጻጸሪያ እንደነበረ ተተወ፤ የአፈሩን ለውጥ መከታተል ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ።

ዛፎቹ ሲጠነክሩ ሠራተኞቹ ቅርንጫፉን በገጀራ እየመለመሉ ቅጠሉን በየኮኮናቱ ዙሪያ መጎዝጎዝ ጀመሩ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጌ ያየሁትን አልረሳውም። ከላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ሲሆን ከሥሩ ያለው ጅማቱ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ በታች ነጭ የሻጋታ ክር የተሳሰረበት ጥቁር ብስባሽ አለ፤ የኮኮናቱ ቀጫጭን ሥሮች ደግሞ ወደ ታች መውረዳቸውን ትተው ወደዚያ ብስባሽ ሽቅብ ወጥተዋል። የአፈር መውሰጃው ቱቦ ባዶ በተተወው ክፍል በመዶሻ እየተመታ ሲገባ፣ እዚህ በእጅ ክብደት ይሰምጥ ጀመር። የአፈሩ ጥግግት እየቀነሰ፣ ውኃ የመያዝ አቅሙም እያደገ መሄዱን መለኪያዎቻችን ያሳዩ ነበር።

ባለቤቱ ግን የሚቆጥሩት ፍሬ ነው። ፍሬው በሁለቱም ክፍል እኩል ነበር፤ የምልመላው የጉልበት ወጪ ግን በአንደኛው ክፍል ብቻ ይመዘገባል። በዚህ ላይ ድርቅ ያለበት በጋ መጣና የዘንባባዎቹ የታች ቅጠሎች ዘመም ሲሉ «ይሄ ዛፍ ውሃዬን እየጠጣብኝ ነው» አሉ። ካቦውም እኔም የምንችለውን ያህል ተናገርን፤ ሰሚ ግን አላገኘንም። በሦስተኛው ዓመት ዛፎቹ በትራክተር ተነቀሉ፤ አፈሩም አብሮ ተገለበጠ።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ የኮኮናት አበባ ገና በእምቡጥ ሳለ የሚጸነሰው ከመከፈቱ 2 ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ ሲሆን፣ ከተከፈተም በኋላ ፍሬው እስኪበስል አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ባለቤቱ የቆጠሩት ፍሬ አብዛኛው ዛፎቹ ከመተከላቸው በፊት የተወሰነ ነበር ማለት ነው። አፈሩ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ ኮኮናቱ ግን የሚናገርበት ጊዜ ሳይደርስ ነገሩ ተዘጋ። ካቦውም ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ልክ መሆናቸውን በፍሬ ሳያዩት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ኮኮናት ዋና ሥር የለውም፤ ከግንዱ ግርጌ የሚወጡት በርካታ ሥሮች አብዛኞቹ ከግንዱ 2 ሜትር ሳይርቁ ይቀራሉ። በ7.5 ሜትር ርቀት ሲተከል አንዱ ዘንባባ 56 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ ሥሩ በብዛት የሚይዘው ግን ከዚህ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከዚያ ክብ ውጭ የቆመ ዛፍ በአመዛኙ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ነው የሚይዘው። ብርሃኑን በተመለከተ ግን ዕድሜውን ተመልከቱ፤ ከ8ኛው እስከ 25ኛው ዓመት ገደማ ዘንባባው መሬቱን አጥልቶ ስለሚይዘው በዚያ ዘመን የሚተከል ዛፍ ይቀጭጫል።

አይሻማም አልኩ እንጂ በበጋ ይሻማል፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ቅጠሉን ተሸክሞ በጋውን የሚያሳልፍ ዛፍ ውሃ መሳቡ አይቀርም። በጋው ከመግባቱ በፊት ከተመለመለ ግን የሚያተነው ቅጠል ይቀንሳል፣ ያው ቅጠል ደግሞ መሬት ላይ ሆኖ እርጥበቱን ያቆያል። ባለቤቱ ያዩት መዘመም ከዛፉ ይሁን ከድርቁ ብቻ መለየት የሚቻለው እርጥበቱን በየጥልቀቱ በመለካት ነበር። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ የአፈር እርጥበት የምታነቡበትን መሣሪያ ያኔ ብናገኝ ምናልባት እናሳምናቸው ነበር። ይሁንና መሣሪያው ቁጥር ስለሰጣችሁ ብቻ ጉድጓድ ቆፍሮ ሥሩን በዓይን ማየት የቀረላችሁ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይህ አይዋጥልኝም።

ችግኝ ስለ መጠበቅ፣ ከብት ስለ መከልከል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛፍ ምርጫው ላይ ግን ልቆይ። የግሊሪሲዲያ ደረቅ ቅጠል ከ3 እስከ 4 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ ቶሎ ስለሚበሰብስም ምግቡን ቶሎ ይለቃል። ስሪ ላንካ ከሻይ፣ ከጎማና ከኮኮናት ቀጥሎ አራተኛ የፕላንቴሽን ሰብል ብላ የተቀበለችው ለማገዶ ኃይልና ለመኖም ጭምር ስለሚሆን ነው። እንደ አካሺያ ማንጊየም ያሉት ደግሞ ወፍራም ቅጠላቸው በዝግታ ስለሚበሰብስ መሬቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይሸፍናሉ፤ ፈጣን ምግብ ግን አትጠብቁባቸው። በእኔ ወጣትነት ሁሉም ሰው ሉኪንያ የሚባለውን ዛፍ ካልተከልኩ ይል ነበር፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አንዲት ትንሽ ቅጠል መጣጭ ነፍሳት በፓስፊክና በእስያ ተዛምታ ለጋውን ስታረግፈው ያ ሁሉ ውዳሴ ጸጥ አለ። ዛሬም አንድ ዛፍ ይዛችሁ ስትሮጡ ሳይ ያ ትዝ ይለኛል፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሉ።

ሌላው የሚረሳው ፖታሲየም ነው። ኮኮናት ከሁሉም ይልቅ ፖታሲየም የሚወድ ተክል ነው፤ በየምርቱም ብዙ ይዞ ይሄዳል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ያመጣል፣ ፖታሲየምን ግን ከየትም አይፈጥርም፤ ከራሱ ከአፈሩ አንሥቶ ያዘዋውረዋል እንጂ። ስለዚህ የፖታሽ ማዳበሪያው አይቀነስ፤ ፖታሲየም ያለበትን የፍሬውን ልጣጭም ከእርሻው ከማውጣት በቦይ መቅበር ይሻላል፣ ውሃም ይይዛል። ናይትሮጅን ሰብሳቢ ዛፎች ለዓመታት ሲቆዩ አፈሩን አሲዳማ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ በየጥቂት ዓመቱ ለኩ፤ ሲወርድም ዶሎማይት የሚባለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጨምሩ፣ ማግኒዥየሙንም አብሮ ያመጣል። ናሙና ስትወስዱ ከኮኮናቱ ክብ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥርና ከመካከሉ ባዶ ቦታ የወሰዳችሁትን በየከረጢቱ ለዩት፤ አንድ ላይ ከተደባለቀ አማካዩ ዛፉ የሠራውን ሥራ ይሸፍነዋል።