ፔጅ ከኖድ ወደ ኖድ ሲሻገር፦ ስለ ኑማ ጥያቄና መልስ

ሰርቨሩ ሜሞሪ ሳያንሰው ሥራው እየተንቀራፈፈ ያስቸገራችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ፔጆችን፣ ማለትም ሜሞሪው የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ቁራጮች፣ ከአንድ ኖድ ወደ ሌላ ስለሚያዛውርበት መንገድ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ከሥሩ ይጀምሩልን። ኖድ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

መልስ፦ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ክዳኑን ብትከፍተው የሜሞሪ ካርዶቹ በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ግራና ቀኝ ተሰልፈው ታያለህ። ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ያሉትን በቀጥታ ያነባል፤ የወዲያኞቹን ግን በጎረቤቱ በኩል አልፎ ነው የሚያገኛቸው። አንድ ፕሮሰሰርና አጠገቡ ያለው ሜሞሪ አንድ ላይ ኖድ ይባላሉ፤ የሜሞሪው ፍጥነት እንዲህ እንደ ርቀቱ የሚለያይበት አሠራር ደግሞ ኑማ ይባላል። ኑማሲቲኤል የሚባለውን ትእዛዝ በሃርድዌር አማራጩ ብታስኬደው የርቀት ሠንጠረዥ ያሳይሃል፦ ለራሱ 10፣ ለሌላው ብዙ ጊዜ 20 ወይም 21። እነዚህ ናኖሰከንድ አይደሉም፤ ፈርምዌሩ ለከርነሉ የሚሰጣቸው አንጻራዊ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ 21 ስላየህ ብቻ ከእጥፍ በላይ ይዘገያል ብለህ አትደምድም፣ ራስህ ለካው። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ኖዱም አንድ ነው አትበል፤ ኤኤምዲ ኤፒክ ላይ በባዮስ ማስተካከያ አንዱን ሶኬት እስከ 4 ኖድ መክፈል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ፔጁ የትኛው ኖድ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ማሎክ ስጠራ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ትልቅ ሜሞሪ በማሎክ ስትጠይቅ የምትቀበለው የአድራሻ ክልል ብቻ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው። እውነተኛው ፔጅ የሚመጣው መጀመሪያ ስትጽፍበት ነው። ያኔ ፔጅ ፎልት ይነሳል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በዚህ አድራሻ መቀጠል አልቻልኩም ብሎ ከርነሉን ይጠራል፤ ከርነሉም የጻፈው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሮጥ የሥራ መስመር) በዚያ ቅጽበት ከሚሮጥበት ኖድ ባዶ ፔጅ አንስቶ ይሰጣል። እዚያ ካጣ ወደሚቀርበው ኖድ ይሄዳል። ይህን የመጀመሪያ ንክኪ ደንብ እንለዋለን።

ደንቡ የሚያመጣውን ጣጣ አንድ ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ ሁለት ኖድ ማሽን ላይ የሚሠራ የስሌት ፕሮግራም ነበር። ሲነሳ አንድ ትሬድ ብቻውን ትልቁን ሠንጠረዥ ዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ 32 ትሬዶች ተከፋፍለው ይሠሩበታል። ከርነሉ መረጃ በሚያሳይበት ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር የፕሮሰሱን (የሚሮጠውን ፕሮግራም) ኑማ ማፕስ ፋይል ስከፍት፣ በዚያ ሠንጠረዥ መስመር ላይ ኤን0 (ኖድ 0) የሚለው ብቻ ነበር፣ አጠገቡም ሚሊዮኖች ፔጅ። ኤን1 ጭራሽ አልተጻፈም። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ላይ ያሉት ትሬዶች ለእያንዳንዷ ንባብ ጎረቤት ድረስ ሲመላለሱ ነበር የሚውሉት። ያዳነን ፔጅ ማዛወር አልነበረም፤ ዜሮ የመሙላቱን ሥራ ራሱን ለ32ቱ ትሬዶች አከፋፈልነው፣ ትሬዶቹንም እንዳይቀያየሩ በየኮራቸው አሰርናቸው። እያንዳንዱ ኋላ የሚሠራበትን ቁራጭ መጀመሪያ ራሱ ነካ፣ በቃ። ፔጅ ላዛውር የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ማን እንደነካው የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ፔጁ አንዴ የተሳሳተ ኖድ ላይ ወድቋል እንበል። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ሲዛወር እንዴት አይበላሽበትም?

መልስ፦ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ምናባዊውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው ፔጅ ቢቀየር አድራሻው አይለወጥም። ይህን የሚሠራው ኮድ ሊኑክስ ውስጥ የገባው በ2006 ነው፣ በከርነል ቅጂ 2.6.16።

ከርነሉ ፔጁን ኤልአርዩ ከሚባለው፣ ፔጆችን እንደ አጠቃቀማቸው ከሚደረድርበት ዝርዝር ነጥሎ ያወጣል፤ በመድረሻው ኖድ ላይም ባዶ ፔጅ ይይዛል። ፔጁን ይቆልፋል። ከዚያ ፔጁን የሚጠቀሙትን ፕሮሰሶች ሁሉ እየተከተለ፣ አድራሻን ከፔጅ በሚያገናኘው በየፔጅ ሠንጠረዣቸው ያለውን መግቢያ አንስቶ በምትኩ የፍልሰት ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱ ስዋፕ የተደረገ፣ ማለትም ወደ ዲስክ የወጣ ፔጅ መግቢያ ይመስላል። ፕሮሰሰሮቹም ቲኤልቢ (የአድራሻ ትርጉሞችን ለፍጥነት የሚይዙበት ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ ያስቀሩትን አሮጌ ትርጉም እንዲጥሉ ይነገራቸዋል። በዚህ መካከል ያንን አድራሻ የነካ ትሬድ ፎልት ውስጥ ይገባል፣ ምልክቱን ያያል፣ ዝውውሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከርነሉ ፔጁን ሌላ የያዘው እንደሌለ ቆጥሮ ያረጋግጥና 4,096ቱን ባይት ይገለብጣል፤ ምልክቶቹን በአዲሱ ፔጅ መግቢያ ይተካል፣ አሮጌውን ይለቃል። የሚጠብቀው ትሬድ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል።

ብዙ ፕሮሰሰር ባለበት ማሽን የሚከብደው ግልበጣው ብቻ አይደለም። ቲኤልቢ ለማጥራት ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ከሥራቸው ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ይህ በእያንዳንዱ ፔጅ ሲደገም ይሰማል። በከርነል 6.3 ላይ ፔጆቹን በጅምላ እያነሱ ቲኤልቢውን አንድ ላይ ማጥራት የተጀመረው ይህን ለማቃለል ነው።

ጥያቄ፦ ፔጅ ለማዛወር ሙቭ ፔጅስ የሚባለውን የከርነል ጥሪ ጠርቼ ዜሮ መለሰልኝ፤ ስመለከት ግን ያልተንቀሳቀሱ ፔጆች አሉ። የኔ ስህተት ነው?

መልስ፦ ያንተ ብቻ አይደለም፣ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። ዜሮ ሲመልስ ሁሉም ተዛውሯል ማለት አይደለም፤ እውነቱ ያለው የእያንዳንዱ ፔጅ ውጤት በሚጻፍበት ስቴተስ በሚባለው አሬይ (ዝርዝር) ውስጥ ስለሆነ አንድ በአንድ አንብበው። ኢኤክሰስ የሚል የስህተት ኮድ ካየህ ፔጁን ሌላ ፕሮሰስም ይጋራዋል፣ ሲስ ናይስ የሚባለው ሥልጣን ከሌለህ አይነካልህም። ኢኖኤንት ካየህ ገና ያልተነካ አድራሻ ነው፣ የሚዛወር ነገር የለም። ኢቢዚ ከሆነ አንድ የከርነል ክፍል ፔጁን ይዞታል፤ ቆይተህ ሞክር። ለአርዲኤምኤ ወይም ለሌላ ዲኤምኤ (መሣሪያ በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ ሜሞሪ የሚጠቀምበት መንገድ) በቋሚነት የተቸነከረ ፔጅ ግን መሣሪያው በፊዚካል አድራሻው ስለሚጽፍበት ብትሞክርም አይንቀሳቀስም። ሌላ የሚጠቅምህ ነገር፦ የኖዶቹን ዝርዝር ባዶ አድርገህ ብትጠራው ምንም ሳያንቀሳቅስ እያንዳንዱ ፔጅ የት እንዳለ ብቻ ይነግርሃል። እኔ ሁልጊዜ በዚህ እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ የምጠብቀው የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሰርቨር ብዙ ነፃ ሜሞሪ እያለው ስዋፕ ያደርጋል። ፔጆቹን ባዛውራቸው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የታወቀ ሕመም ነው፤ ማዛወርም ዋና መድኃኒቱ አይደለም። ባፈር ፑሉ (ዳታቤዙ ዳታውን ሜሞሪ ላይ የሚይዝበት ትልቅ ቦታ) አብዛኛውን አንዱ ኖድ ላይ ሲሞላ ያ ኖድ ይጨናነቃል፤ ከርነሉም ጎረቤት ባዶ እያለ ከሞላው ኖድ ፔጅ ወደ ስዋፕ ሊያወጣ ይችላል። ለባፈር ፑል የሚሻለው ከመነሻው በሁለቱም ኖድ ላይ እያፈራረቁ መዘርጋት ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱ ኢኖዲቢ ኑማ ኢንተርሊቭ የሚል ማስተካከያ አለው፤ ከሌለሽ ሰርቨሩን በኑማሲቲኤል የኢንተርሊቭ አማራጭ አስነሺው። ኖዱ ሲሞላ ከጎረቤት ከመውሰድ በፊት ከራሱ ፔጅ እንዲያስለቅቅ የሚያደርገውን ዞን ሪክሌም ሞድንም ተመልከቺ፣ ዜሮ መሆን አለበት። ከከርነል 3.16 ወዲህ ነባሪው ዜሮ ነው፤ ከዚያ የቆየ ከርነል ግን በአንዳንድ ማሽን ላይ በራሱ ያበራዋል።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ኑማ ባላንሲንግን ዝጋው የሚሉ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንይ። በከርነል 3.8፣ በ2013 ነው የገባው። የፕሮሰሱን ሜሞሪ በአንድ ዙር እስከ 256 ሜጋባይት እየዘገነ ለጊዜው እንዳይነካ ምልክት ያደርግበታል። ትሬዱ ሲነካው ፎልት ይነሳል፣ ከርነሉም ከየትኛው ኖድ እንደተነካ ይመዘግባል። በተከታታይ ከዚያው ሩቅ ኖድ ከተነካ ፔጁን ወደዚያ ያዛውራል፤ አንዳንዴም ትሬዱን ራሱን ወደ ፔጆቹ ይወስዳል። ፎልቶቹ ግን ነፃ አይደሉም።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ትሬዶችህንና ሜሞሪህን ራስህ ካሰርካቸው ዝጋው፣ ትርፉ ድካም ነው። ካላሰርክ ግን ሳትለካ አትዝጋ። ቪኤምስታት ፋይል ውስጥ ኑማ ፔጅስ ማይግሬትድ የሚለውን ቁጥር በየደቂቃው ጻፈው። ሥራው ከተረጋጋ በኋላም በፍጥነት መጨመሩን ካላቆመ ፔጆች ወዲያና ወዲህ እየተወረወሩ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ኖድ ላይ ያሉ ትሬዶች አንድ ዳታ መጋራታቸው ነው።

ጥያቄ፦ 2 ሜጋባይት የሆኑት ሂዩጅ ፔጆችስ?

መልስ፦ ይዛወራሉ። መድረሻው ላይ የተያያዘ 2 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ከታጣ ግን ትራንስፓረንት የሚባለው፣ ከርነሉ በራሱ የሚያዘጋጀው ዓይነት ወደ 512 ትንንሽ ፔጆች ሊበተን ይችላል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ተራ ላፕቶፕ ነው። ይህን ሁሉ በምን ልሞክረው?

መልስ፦ ልጄ፣ ላፕቶፕህ ይበቃል። ኪውኢሙ ውስጥ ሁለት ኑማ ኖድ ያለው ምናባዊ ማሽን መፍጠር ትችላለህ። ከዚያ አንድ ጊጋባይት ይዞ እየጻፈ የሚቆይ ትንሽ ፕሮግራም ኖድ 0 ላይ አስረህ አስነሳና በሌላ ተርሚናል ማይግሬት ፔጅስ በሚለው ትእዛዝ ወደ ኖድ 1 አዛውረው። ኑማ ማፕስን በየሰከንዱ እየከፈትክ እይ፤ ኤን0 ሲቀንስ ኤን1 ሲጨምር በዓይንህ ታየዋለህ። በዚህ ማሽን የፍጥነት ልዩነት አትጠብቅ፣ ከሥር ያለው ሜሞሪ አንድ ነውና። ፕሮግራምህ ግን በየዙሩ የጻፈውን መልሶ አንብቦ እንዲያረጋግጥ አድርገው፤ ፔጆቹ እየተሻገሩም አንዲት ባይት አትሳሳትም።