«አልጠማኝም» ለሚሉት እናትሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ መጦሪያ ያሉት እናትሽ «አልጠማኝም» እያሉ ውኃ እንደሚመልሱ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ የልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ እንደሚጠሩ፣ ሠራተኞቹም «ዕድሜ ነው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ደሴ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ማዕከል ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አስቸኳዩን ላስቀድም፦ በቀናት ውስጥ የመጣ መቀባዠር ዕድሜ አይደለም። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። የውኃ እጥረት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር መዛባት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ምርመራ ነው። ቆዳቸውን ቆንጥጠሽ ለማወቅ አትሞክሪ፤ ያረጀ ቆዳ ውኃ ባይጎድለውም ቶሎ አይመለስም።

«አልጠማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። በእርጅና የጥም ስሜት ይደክማል፤ ኩላሊትም ውኃ ቆጥቦ መያዝ ያቅተዋል። አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች ደግሞ ሽንት ያበዛሉ። ስለዚህ እስኪጠማቸው መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ግን እኔ ዘግይቶ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት ጆጉን ሞልቼ ከራስጌያቸው አኖራለሁ፤ ማታ እንደሞላ አገኘዋለሁ። ለወራት ጨቀጨቅኋቸው። አንድ ቀን የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል፤ በእግራቸው ነጠላ ጫማቸውን በጨለማ ይፈልጋሉ። መጸዳጃው ከበረንዳው ማዶ ነው፤ አምፖሉ ተቃጥሏል። «ልጄ፣ ብጠጣ ማን ያደርሰኛል? ሰው ከማስቸግር ጉሮሮዬ ይድረቅ» አሉኝ። አፈርሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ካየሁት ሁሉ አረጋውያንን ውኃ የሚነሳቸው ይሉኝታ ነው። በማግስቱ አምፖሉን ቀየርን፣ ፖፖ ከአልጋቸው ሥር አኖርን፣ ተረኛውም ሳይጠሩት ሄዶ እንዲጠይቃቸው ተስማማን። ሳምንት ሳይሞላ ጆጉ መጉደል ጀመረ።

ስለ መጠኑ ለጠየቅሽው፣ የአውሮፓ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች መመሪያ ለአረጋውያን ሴቶች በቀን ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ለወንዶች 2 ሊትር የሚጠጣ ነገር ይመክራል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪማቸው ብቻ ነው። በትልቅ ብርጭቆ አታስፈራሪያቸው፤ በትንሽ ሲኒ ቶሎ ቶሎ ይሁን። ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ አብሽ ሁሉም ይቆጠራል፤ ልከኛ ቡናም ጭምር። እኛ ዘንድ ከአቦል እስከ በረካ ሰው ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ሲኒ ጋር ውኃ እናቀርብ ነበር፤ ብቻቸውን እንቢ ያሉት ከሰው ጋር ጠጡ። ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ግን አትግፊ፤ የመዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው።

ጾም ላይ የኛን ቃል አይሰሙንም ነበር። በረመዳን ሼኹን፣ በዐቢይ ጾም የንስሐ አባታቸውን ጠርተን አቅም ላጣ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ እንደሚፈቅድ እንዲነግሯቸው አደረግን፤ ያኔ ብዙዎቹ እሺ አሉ።

ከሐኪም ስትመለሱ፣ እባክሽ አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ሂጂና ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ በእግርሽ ሄደሽ እዪው። መብራት ስለመኖሩ፣ የሚይዙት ነገር ስለመኖሩ፣ ሌሊት ማን እንደሚደርስላቸው ጠይቂና ጻፊልኝ።