መኝታ ቤታችሁን ብርቱካናማ ለመቀባት ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በቤት ቀለም ሥራ ላይ ስላሳለፍኩ ሰሞኑን አዲስ ቤት የገቡ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፤ «መኝታ ቤታችንን ሞቅ ባለ ብርቱካናማ ብንቀባውስ?» ይላሉ። ቅቡት። ቤቱ ሁሉ ነጭና ግራጫ በሆነበት ዘመን ቀለም የሚደፍር ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ብቻ ቀለሙን በቀን አትምረጡት።

መኝታ ቤት የማታ ቤት ነው። ቀን ሥራ ትውላላችሁ፤ ግድግዳውን በደንብ የምታዩት አምፖል ካበራችሁ በኋላ ነው። ሱቅ ደጃፍ በፀሐይ የወደዳችሁት ብርቱካናማ ማታ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የአምፖሉን ካርቶን ተመልከቱ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ቀለሙን ያጠወልገዋል። 2700 ወይም 3000 ከሆነ ያሞቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉን ግዙ፣ ቀለሙን ቀጥሎ። ይህን ስናገር የማይስቅብኝ ደንበኛ ጥቂት ነው።

ከውጭ አገር የሚቀዳ አንድ ምክር አለ፤ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ ስለማያገኝ ሞቃት ቀለም ይቀባ ይላል። ለአውሮፓ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው፤ የክረምቱ ደመና ካልጋረዳት በስተቀር። እኛ ይልቅ ልንፈራው የሚገባው የምዕራብ መስኮት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ደማቅ ብርቱካናማ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ስታርፍበት ክፍሉ እሳት የተነሳበት ይመስላል።

የትኛው ብርቱካናማ? ወደ አፈር የሚያደላው። ፍሬውን የሚመስለው ደማቁ ለዓይን ከመክበዱም በላይ የሥሩን ቀለም ቶሎ አይሸፍንም፤ ሁለት እጅ ይበቃል ስትሉ ሦስተኛና አራተኛ ይጠይቃችኋል። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች ግን በደንብ ይሸፍናሉ፣ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዛቸውም። ካታሎግ ላይ ደግሞ ከወደዳችሁት ቀለም ይልቅ ፈዘዝ ያለውን ውሰዱ። አራት ግድግዳዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ አንዱ የሌላውን ቀለም እያንጸባረቀ ያደምቀዋል፤ የጣት ስፋት ያላት ናሙና ይህን አታሳያችሁም።

አራቱንም መቀባት ግድ አይደለም። የሐረር ነባር ቤቶችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መደቡና ወለሉ ቀይ ሆኖ ከላይ ግድግዳው ነጭ ነው። ሙቀቱ ይሰማል፣ አያፍንም። ለመኝታ ቤት እኔ የምመርጠው የራስጌውን ግድግዳ ብቻ ነው። ስትገቡ ይቀበላችኋል፣ ስትተኙ ከኋላችሁ ይሆናል። ኮርኒሱን ነጭ ተዉት። አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ከጣላችሁበት ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ግድግዳውን ከመንካታችሁ በፊት ሰፊ ካርቶን ሁለት እጅ ቀቡና ይድረቅ፤ ውሃማ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራልና እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ። ራስጌ አቁማችሁት ጥቂት ምሽት እደሩበት። ባልና ሚስት ካልተስማማችሁም ክርክሩ በካርቶን ላይ ቢያልቅ ይረክሳል።

ልስኑ አዲስ ከሆነ አንድ ወር ያህል ታገሡ፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይላላጣል፣ ይነጣጥባል። ከአንድ በላይ ባልዲ ከገዛችሁ ሁሉንም በትልቅ ዕቃ አንድ ላይ ቀላቅሉ፤ የሁለት ባልዲ ብርቱካናማ እምብዛም እኩል አይሆንም። ሱቁ ቀለሙን የደባለቀበትን ቁጥር ቁምሳጥን በር ውስጥ ጻፉት፤ ከዓመታት በኋላ አልጋው የፋቀውን ቦታ ስትጠግኑ ትፈልጉታላችሁ።